በአገራችን ያለው ሄፓታይተስ ቢ የትኛው ነው?

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የሕክምና ተማሪዎች፤

ዛሬ ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው። ዕለቱ የተመረጠው ጉበትን የሚያጠቃውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያገኙት ባሩክ ብሉምበርግ የተወለዱበት ቀን በመሆኑ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳወቁት ግኝት መጀመሪያ «የአውስትራሊያ አንቲጂን» (አንቲጂን ማለት ሰውነት እንደ ባዕድ የሚለየው ነገር ነው) ይባል ነበር፤ ከመነሻው በቦታ ስም የተጠራ ቫይረስ መሆኑ ለዛሬው ርእሴ ይመቸኛል።

ለታካሚዎቻችን የምንሰጠው ወረቀት ብዙውን ጊዜ «ፖዘቲቭ» ከሚል አንድ ቃል አያልፍም። የቫይረሱ የዘር መልእክት ግን 3,200 ያህል ፊደላት አሉት፤ አራቱ ጂኖቹም ተደራርበው ስለተጻፉ አንዱ ፊደል ለሁለት ፕሮቲን የሚያገለግልበት ቦታ ብዙ ነው። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛው አርኤንኤ በተባለው የዘር መልእክት ቅጂ በኩል ዞሮ ሲሆን፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ስሕተቱን አያርምም። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አራሚ ባይኖረው ግድፈቱ ወደሚቀጥለው ቅጂ እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ የቫይረሱም ግድፈት ይወረሳል፤ የጋራ ግድፈት ያላቸውን ቅጂዎች በማሰባሰብም የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ እናውቃለን።

በመላው የዘር መልእክታቸው (ጂኖም) ከ8 በመቶ በላይ የሚለያዩ ቫይረሶች የተለያየ ጂኖታይፕ ይባላሉ፤ ከኤ እስከ አይ ዘጠኝ የታወቁ አሉ። ቢ እና ሲ በእስያ፣ ኢ በምዕራብ አፍሪካ ይበዛሉ። በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ በተደረጉት ጥናቶች ጎልቶ የታየው ኤ፣ በተለይም ኤ1 የተባለው ንዑስ ዓይነት ሲሆን፣ ዲ ይከተለዋል። ከዚሁ ከዲ ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ፣ ዲ10 የተባለ ንዑስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለጸው ከኢትዮጵያ ናሙናዎች ነው።

ይህ ልዩነት ሐኪሙን የሚመለከተው ከሁሉ በላይ ቫይረሱ ወደ ደም በሚለቀው ፕሮቲን፣ በኢ አንቲጂን (ከጂኖታይፕ ኢ የተለየ ነው) ጉዳይ ነው። ይህ አንቲጂን በደም ውስጥ ካልተገኘ «ቫይረሱ ተኝቷል» የሚል ልማድ አለን፤ እኔ ግን ይህ ልማድ ለታካሚዎቻችን አደገኛ ነው እላለሁ። በዲ ውስጥ 1896ኛው ፊደል ሲለወጥ የአንቲጂኑ ምርት ጨርሶ ይቋረጣል፣ ቫይረሱ ግን መባዛቱን ይቀጥላል። በኤ ውስጥ ይህ ለውጥ ብዙም አይታይም፤ ምክንያቱም 1858ኛው ፊደል ከ1896ኛው ጋር ስለሚጣመር፣ ኤ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሲ የተባለውን ፊደል ስለያዘ፣ ለውጡ ቫይረሱ ራሱን ለማባዛት የሚያስፈልገውን መዋቅር ያናጋበታል። ኤ1 በዚህ ፈንታ ሌላ መንገድ አለው፦ ከጂኑ መነሻ ጥቂት ቀደም ብሎ ከ1809 እስከ 1812 ባሉት ፊደላት ላይ፣ አልፎም በ1762 እና በ1764 ላይ በሚታዩ ለውጦች የአንቲጂኑን ምርት ይቀንሳል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁለቱም ዘንድ ኔጌቲቭ የሆነው ወረቀት ጉበቱ ሰላም ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የቫይረሱ መጠንና የጉበት ኢንዛይም ሳይለኩ ታካሚን «ደህና ነህ» ብሎ መሸኘት ሊቀር ይገባዋል።

ስለ መድኃኒቱና ስለ ክትባቱ ግን ስጋት ልጨምርባችሁ አልፈልግም። ላሚቩዲን ብቻውን ሲሰጥ ከዚያ ቫይረሱን ከሚያባዛው ኢንዛይም 204ኛው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ቅንጣት) ተለውጦ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ቴኖፎቪር ግን በሁሉም ጂኖታይፖች ላይ ይሠራል፣ በቀላሉም አይለመድም። ክትባቱም ምንም እንኳ በአመዛኙ ከኤ2 የተሠራ ቢሆን ሁሉንም ይከላከላል፤ ልጆቻችንም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በስድስተኛው፣ በአስረኛውና በአስራ አራተኛው ሳምንት በአምስት ጸረ በሽታው ክትባት ውስጥ ያገኙታል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በየላቦራቶሪያችሁ ፖዘቲቭ ከሆነው ደም፣ በታካሚው ፈቃድ፣ ጥቂት ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) በጥልቅ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ከናሙናው ጋርም የታካሚው የትውልድ ወረዳ ይመዝገብ። በእኛ ዘንድ ቫይረሱ በአብዛኛው የሚይዘው ከእናት ወይም በልጅነት ዕድሜ ስለሆነ፣ የአሁን አድራሻው ብቻ ከተጻፈ የምናውቀው ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ሳይሆን ታካሚው የት ቤት እንደተከራየ ነው።