238 ወይስ 283

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ አንድ አሮጌ የኬሚስትሪ ጽሑፍ ስፈልግ ስላሳለፍኳቸው ሦስት ሳምንታት ነው። ፍላጎቴ ቀላል ነበር፤ ልሠራው ያሰብኩት ውህድ መጀመሪያ እንዴት እንደተዘጋጀ ማወቅ ብቻ። ውህዱን የሚያነሡ አምስት የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ነበሩኝ፤ አምስቱም የአሠራሩን ዝርዝር ትተው «ቀደም ሲል በተገለጸው መንገድ ተዘጋጀ» ካሉ በኋላ በ1832 ወደተመሠረተው የጀርመን መጽሔት፣ ወደ ሊቢግ አናለን አንድ ጥራዝ፣ ገጽ 283 ይመራሉ።

ጥራዙ ተቃኝቶ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ስለተቀመጠ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ገጹን ስከፍተው ግን ከእኔ ውህድ ጋር ምንም የማይገናኝ የሌላ ሰው ሥራ አገኘሁ። የተሳሳተው ጥራዙ ይሆናል ብዬ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ጥራዞች ገለጥኩ። «አናለን» የሚል መጽሔት በፊዚክስም ስላለ፣ ፈረንሳዮችም «አናል ደ ሺሚ» ስላላቸው፣ በምሕጻረ ቃል ተምታተው ይሆናል ብዬ እነዚያንም አየሁ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

የኬሚስትሪ ጽሑፎችን አጭር መግለጫ የሚሰበስበው ኬሚካል አብስትራክትስ መውጣት የጀመረው በ1907 በመሆኑ ከዚያ በፊት ለታተመ ሥራ ብዙም አልረዳኝም። የውህዶች መለያ ቁጥር የመጣው ደግሞ በ1965 ስለሆነ፣ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ውህዱን የሚጠሩት ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት ስም ነው። መፍትሔው የተገኘው ቤይልሽታይን ከሚባለው የኦርጋኒክ ውህዶች መድበል ነው። የዚህ መድበል አራተኛ እትም ዋና ክፍል እስከ 1909 የታተመውን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሥራ የሚሸፍን ሲሆን፣ ውህዶችን የሚደረድረው በስማቸው ሳይሆን በመዋቅራቸው ነው፤ ስለዚህ የድሮውን ስም ባላውቅም ሞለኪውሉን በወረቀት ላይ ሥዬ ቦታውን መከተል ቻልኩ። መድበሉ የሊቢግን መጽሔት በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚያመለክት፣ መጀመሪያ ላይ የማጣቀሻ ሳይሆን የሕትመት ስሕተት መስሎኝ አልፌው ነበር። ከፊደሏ ቀጥሎ ያው ጥራዝ ተጽፏል፤ ገጹ ግን 238 ነበር።

አንዱ ጸሐፊ ሁለት አኃዞችን አገላብጦ ጻፈ፤ የቀሩት አራቱ ዋናውን ሳይከፍቱ ከእርሱ ገለበጡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ሳለሁ ያላነበብኩትን ጽሑፍ ከሌላ ሰው ማጣቀሻ ላይ ገልብጬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ንዴቴ ብዙም አልቆየም።

ሁሉም የጠፋ ማጣቀሻ ግን የስሕተት ውጤት አይደለም። አንገቫንተ ኬሚ የተባለው የጀርመን የኬሚስትሪ መጽሔት ከ1962 ጀምሮ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ስለወጣ ብዙዎቹ የቀድሞ ጽሑፎቹ ሁለት የገጽ ቁጥር አላቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙት የሶቪየት መጽሔቶችም ከሩሲያኛው የተለየ ገጽ አላቸው። ጸሐፊው በሕይወት ካለ አጭር ኢሜይል መላክ ከሁሉ ይቀላል፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። የእኔው ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የፈለግኩት አሠራር በገጽ 238 ላይ ስምንት መስመር ብቻ ይዞ ተቀምጧል። ድብልቁ በሙቅ ውኃ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ «ቀለሙ እስኪለወጥ» ይሞቅ ይላል፤ ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ አይናገርም። በእኔ ብልቃጥ ውስጥ ቢጫው ወደ ቡናማ የተለወጠው በአርባኛው ደቂቃ ገደማ ነበር። ከቀዘቀዘ በኋላ የወጡት መርፌ መሰል ክሪስታሎች እርሱ ከመዘገበው ሁለት ዲግሪ ዝቅ ብለው ቀለጡ፤ በዚያ ዘመን ቴርሞሜትር ይህ ልዩነት አያስደንቅም።

በራሴ ጽሑፍ ውስጥ አሠራሩን ከነሙቀቱና ከነደቂቃው ዘርዝሬ፣ ማጣቀሻውንም 238 ብዬ አስገባሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ በሰጠው አስተያየት «ሌሎች ጸሐፊዎች ሁሉ 283 ስለሚሉ የገጹ ቁጥር ይታረም» የሚል መስመር ነበረበት። የተቃኘውን ገጽ ከመልሴ ጋር አባሪ አድርጌ ላክሁለት።