መጽሐፍ የበሳው ሰው፦ ኤሪክ ካርል

[ምስል፦ የሕፃን ጣት በመጽሐፍ ገጽ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ]

መጽሐፍ የሚበሳ ልጅ የሚተርፈው ቁጣ ነው። የልጆች መጽሐፍ ደራሲና ሠዓሊው ኤሪክ ካርል ግን መጽሐፍ በስቶ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጧል።

መጽሐፉ «በጣም የተራበው አባ ጨጓሬ» ይባላል። የወጣው በ1969 ነው። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ትንሽ አባ ጨጓሬ ከእንቁላሉ ይወጣል፤ ይበላል፣ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ቢራቢሮ ይሆናል። በቃ።

ቁም ነገሩ ያለው ገጾቹ ላይ ነው። ሰኞ አንድ ፖም ይበላል። የፖሙ ገጽ ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ የእውነት ቀዳዳ አለ። ማክሰኞ ሁለት ፒር ይበላል፤ ገጹ ሰፋ ይላል፣ ቀዳዳውም ሁለት ይሆናል። ረቡዕ ሦስት ፕሪም፣ ሐሙስ አራት እንጆሪ፣ ዓርብ አምስት ብርቱካን። ገጾቹ እንደ ደረጃ እየሰፉ ይሄዳሉ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። ቀናቱንም ቁጥሩንም ይለምዳል፤ ማንም ግን «አጥና» አላለውም። ቅዳሜ ላይ አባ ጨጓሬው ልክ ያጣል። ቸኮሌት ኬክ፣ አይስክሬም፣ አይብ፣ ቋሊማ፣ ሎሊፖፕ፣ ሐብሐብ... ምን ያልበላው አለ! ማታ ሆዱን ይቆርጠዋል። እሑድ አንድ አረንጓዴ ቅጠል በልቶ ይሻለዋል።

ሐሳቡ የመጣለት አንድ ቀን የወረቀት ቁልል በወረቀት መብሻ ሲበሳ ነው። ቀዳዳዎቹን ሲያይ መጽሐፍ የሚበላ ትል ታሰበው። መጀመሪያ የጻፈውም ዊሊ ስለሚባል ትል ነበር። አርታኢው አን ቤኔዱቼ ግን ትሉ አልጣማትም፤ አባ ጨጓሬ ቢሆንስ አለችው። ካርል ወዲያው ቢራቢሮው ታየው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለዚህ መጽሐፍ ከሚሰጠው ምስጋና ግማሹ የእሷ ነው። ትል ቢሆን ኖሮ ያው ትል ሆኖ ይቀር ነበር። ቀጥሎ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይህን የተበሳሳ፣ ገጹ እኩል ያልሆነ መጽሐፍ በሚቀመስ ዋጋ የሚያትም ጠፋ። አታሚ ያገኘችለት አሁንም እሷ ናት፣ ጃፓን ውስጥ።

[ምስል፦ ከሲራክዩዝ ወደ ሽቱትጋርት የሚዘረጋ መስመር ያለበት ካርታ]

ካርል የተወለደው በ1929 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሲራክዩዝ ከተማ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ናቸው። አባቱ ሜዳና ጫካ ይዞት ይዞር ነበር። ድንጋይ ገልበጥ ያደርግና ከሥሩ የሚርመሰመሱትን ነፍሳት ያሳየዋል። እንዴት እንደሚኖሩ ያጫውተዋል። ከዚያ ወደ ቤታቸው ቀስ አድርጎ ይመልሳቸዋል። መዋዕለ ሕፃናቱም ደስ የሚል ነበር፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ ትልልቅ ወረቀት፣ ደማቅ ቀለም፣ ወፍራም ብሩሽ።

በ1935 እናቱን የአገሯ ናፍቆት አላስቀምጥ አላት። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሽቱትጋርት ተመለሰ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲሱ ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመቱ ልጅ የሰጠው ትንሽ ወረቀት፣ ጠንካራ እርሳስና ማስመሪያ ነው፤ እንዳትሳሳት የሚል ማስጠንቀቂያም ታክሎበት። የቀርከሃ ዱላም ቀመሰ። ስለዚህ ሳድግ ድልድይ ሠሪ እሆናለሁ አለ። ከጀርመን እስከ አሜሪካ ድልድይ ዘርግቶ ሊመለስ!

ጦርነቱ ሲጀመር አባቱ ለውትድርና ተወሰደ። በሶቪየቶች ተማርኮ የተመለሰው በ1947 ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ካርል ራሱ በ15 ዓመቱ ምሽግ ቆፍሯል። ከተማዋም ከአውሮፕላን እንዳትታይ ብላ አመድማና ቡናማ ሆናለች።

በዚህ መሐል ክራውስ የሚባሉ የሥዕል መምህሩ ቤታቸው ጠሩት። ናዚዎች «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው የከለከሏቸውን ሥዕሎች ቅጂ በድብቅ አሳዩት። ቢታወቅ አበሳ ነው። ከሥዕሎቹ አንዱ የጀርመናዊው ሠዓሊ የፍራንዝ ማርክ ሰማያዊ ፈረስ ነው። ፈረስ፣ ያውም ሰማያዊ! ልጁ በመጀመሪያ ክው አለ። ነገሩ ግን ከአእምሮው አልወጣም። በ2011፣ ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ ሰማያዊ ፈረስ ስለሣለ ሠዓሊ የልጆች መጽሐፍ አውጥቷል።

በ1952 ኪሱ ውስጥ 40 ዶላር ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። ሠዓሊው ሊዮ ሊዮኒ በር ከፈተለትና ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በግራፊክ ዲዛይነርነት ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ጦር ለውትድርና ጠራው፤ የት ቢመድበው ጥሩ ነው? ጀርመን። ከዚያ ዓመታቱን በማስታወቂያ ሥራ ገፋ። አንድ ቀን ደራሲው ቢል ማርቲን አንድ ማስታወቂያ ላይ ካርል የሠራውን ሎብስተር የሚባል ቀይ የባሕር እንስሳ አየ። ታሪኬን ሣልልኝ አለው። «ቡናማ ድብ፣ ቡናማ ድብ፣ ምን ታያለህ?» በ1967 ወጣ። ካርል ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር።

[ምስል፦ በቀለም የተዥጎረጎሩ ስስ ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው]

አሠራሩን እንይ። አባ ጨጓሬው በብሩሽ የተሣለ ይመስላል እንጂ የወረቀት ቁርጥራጭ ነው። ካርል መጀመሪያ ስስ መጠቅለያ ወረቀት ይዘረጋል። አክሪሊክ ቀለም በብሩሽ፣ በጣቱ፣ በስፖንጅ፣ በምንጣፍ ቁራጭ ሳይቀር ይቀባዋል። መስመር ይጭርበታል፣ ነጠብጣብ ያደርግበታል። ሲደርቅ በየቀለሙ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አረንጓዴ ሲፈልግ ከአረንጓዴው መሳቢያ ይመዛል፣ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ሲደራረብ የታችኛው ቀለም ከላይኛው ሥር ይታያል። ያ ሕያው የሚያስመስለው መዥጎርጎር ከዚህ የመጣ ነው።

ለእሱ አንድ ሕፃን ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ከባድ ነው። ስድስት ዓመቱ ላይ የደረሰበትን ሰምታችኋል። ቤት ውስጥ መጫወቻ አለ፣ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አለ፤ እሱ በሁለቱ መሐል የሚቀመጥ ነገር መሥራት ፈለገ። ቀዳዳው ለዚህ ነው። በ1984 በወጣው የሸረሪት መጽሐፉ ድሯ ከገጹ ከፍ ብሎ በእጅ ይዳሰሳል። በ1990 በወጣው የፌንጣ መጽሐፉ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ሲገለጥ ፌንጣው ድምፅ ያሰማል።

ሳይንሱን የሚያውቁ አንባቢዎች ግን ዝም አላሉትም። አባ ጨጓሬው ራሱ በሠራው ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ቢራቢሮ ይሆናል ይላል መጽሐፉ፤ እንዲህ ያለውን የሐር ቤት የሚሠሩት ግን በአብዛኛው የእሳት ራት ዘሮች ናቸው። የካርል መልስ ከቀልድም በላይ ነው፦ የእኔ አባ ጨጓሬ አይስክሬምና ሎሊፖፕም ይበላልኮ!

በ2002 ከባለቤቱ ከባርባራ ጋር ማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት ውስጥ የሥዕል መጽሐፍ ሙዚየም ከፈቱ። በስሙ ቢጠራም የእሱን ሥራ ብቻ አያሳይም፤ የሌሎች ሠዓሊዎችም የእጅ ሥራ ይሰቀልበታል። ካርል በግንቦት 2021 በ91 ዓመቱ ሞተ። ሙዚየሙ አሁንም አለ፤ ጎብኚዎች ራሳቸው ሥዕል የሚሠሩበት ስቱዲዮም አለው።