ቀኑን አጠፋችው

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው።

ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በባለሸራ ጀልባችን ወደ ቤት የምንመለስበት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሃዋይ ካለችው ከሃናሌይ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ። መስመሩን አስምሬ ጨረስኩና ጫፉ ላይ የምንደርስበትን ቀን በእርሳስ ጻፍኩ። አብራኝ የምትጓዘው መጣች። ምንም ሳትል ላጲሱን አንስታ ቀኑን አጠፋችው። ወረቀቱ እንዳይቀደድ በሌላኛው እጇ ጠርዙን ይዛ፣ ቀስ ብላ። መስመሩን አልነካችውም። ቀኑን ብቻ። ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠረግ አደረገችና ልትተኛ ሄደች።

ቆይ፣ መስመሩን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የምለው አይገባችሁም። ቤታችን ያለው በሰሜን ምሥራቅ ነው። ነፋሱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ባለሸራ ጀልባ ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ አይሄድም፤ 45 ዲግሪ ያህል ገለል ማለት አለበት። ዚግዛግ እየሠራን ብንሄድ አንድ ማይል ለመቅረብ 1.4 ማይል መጓዝ ነው፤ ያውም ማዕበሉ ወደ ጎን ሳይገፋን። ስለዚህ ነፋሱን በቀኝ ይዘን ወደ ሰሜን እንወጣለን። 38 ወይም 40 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ መሃሉ ነፋስ የሌለበትን ከፍተኛ የአየር ግፊት አልፈን፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ስናገኝ ያኔ ወደ ምሥራቅ እንታጠፋለን።

በካርታው ላይ ለካሁት። ወደ ሰሜን 950 የባሕር ማይል ያህል ተጉዘን ወደ ቤት የምንቀርበው 380 ያህሉን ብቻ ነው። ይኼ ቁጥር ሆዴን ባር ባር አሰኘው።

ይህን መንገድ እኛ አልፈጠርነውም። በ1565 (እ.ኤ.አ.) ኡርዳኔታ የሚባል የስፔን መርከበኛ ከፊሊፒንስ ወደ ሜክሲኮ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ አልሞከረም። ወደ ሰሜን ወጣ፣ የምዕራቡን ነፋስ አገኘ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከሴቡ ተነስቶ ጥቅምት ላይ አካፑልኮ ገባ። በእርግጥ በዚያው ዓመት አሬያኖ የሚባል ካፒቴን በሌላ መርከብ ቀድሞት ደርሷል። የኡርዳኔታ መንገድ ግን ተመዝግቦ ቀረና የስፔን መርከቦች እስከ 1815 ድረስ ሄዱበት። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ ዓመት። ቤታቸው ያሉት ሰዎች መቼ ይመጣሉ ብለው ነው የሚጠብቁት? ማን ይነግራቸዋል? ስለነሱ ማንም ብዙ አይጽፍም፤ ያሳዝነኛል።

እና... ላጲሱ። እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ቀኑን ነው። «መቼ ትደርሳለህ ልጄ?» ቀን ብሰጣት ትረጋጋለች። ቢያንስ እስከዚያ ቀን። ካለፈ ግን? አንድ ቀን ቢያልፍ፣ ሦስት ቢያልፍ፣ እንቅልፍ ታጣለች። አልሰጥሽም ብላትም ከዛሬ ጀምራ ታጣለች።

የእሷም ይገባኛል፣ የላጲሷ። ቀን የያዘ ሰው ይቸኩላል። ሸራ መቀነስ ሲገባው ትንሽ ልቆይ ይላል። ቶሎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ነፋስ የሌለበት የግፊቱ መሃል ገብቶ ይቀራል። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እኮ መናገር ትችል ነበር! አንድ ቃል። ዝም ብላ ማጥፋቷ ነው... አይ፣ ምናልባት ዝምታዋ ይሻላል። ብትናገር እከራከር ነበር። አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሸራ ስንሰፋ ስለሱ ምንም አላነሳንም። ካርታው ላይ የእርሳሱ አሻራ አሁንም ይታያል፤ በብርሃን ካዩት ይነበባል። ደግሜ ልጽፈው አስቤ ነበር። ወይም ሁለት ቀን፣ ከዚህ እስከዚህ ብዬ። እናቴ ግን ከሁለቱ የምትይዘው ቅርቡን ነው፤ አውቃታለሁ።

ጠርዙ ላይ የጻፍኩትን የናፍጣ ሂሳብ ደግሞ በላጲሷ አልነካችውም። ለምን? ነፋስ ካጣን በሞተር ስንት ማይል እንደምንሄድ ነው እዚያ ያለው። እሱም እኮ ግምት ነው። የግፊቱ መሃል ቦታውን ይቀያይራል፤ ዛሬ ትንበያው ላይ ያየሁት ከትናንቱ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል። እንዲህ ከቀጠለ መታጠፊያችንም ይቀየራል፣ ያኔ መስመሩ ራሱ... ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው መሰለኝ።