የሠራችሁትን ጻፉት፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የዛሬ ተሸላሚዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናከብራቸው የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች የተመረጡት በሁለት መመዘኛ ነው። አንዱ የትምህርት ውጤታቸው ነው። ሌላው ለማኅበረሰባቸው የሰጡት አገልግሎት ነው። ስለ ውጤታቸው ብዙ አልናገርም። ማርክ ራሱ ይናገራል፣ እነሱም እንቅልፍ አጥተው ያመጡት ነው። ጊዜ ወስጄ መናገር የምፈልገው ስለ አገልግሎቱ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ራሱን አይናገርም።

የመራጭ ኮሚቴው ማመልከቻዎቹን ሲያይ እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። ቅጹ ላይ ስለ ትምህርት የሚጠይቀው ክፍል ጥንቅቅ ብሎ ተሞልቷል። የኮርሱ ዓይነት፣ ነጥቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ፣ ሁሉም አለ። ስለ አገልግሎት የሚጠይቀው ክፍል ግን በብዙዎቹ ላይ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። አንዷ የጻፈችው «ሕፃናትን አስጠናለሁ» ብቻ ነው። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

ኮሚቴው አልፏት ሊሄድ ነበር። ደግነቱ መምህሯ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውላታል፤ ደብዳቤው ውስጥ ስለ አንድ ደብተር ተጠቅሷል። እስቲ አምጪው አልናት፣ አመጣችው። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ተጣጥፏል። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ልጅ ነው። ከላይ የልጁ ስም፣ ከሥሩ የሚቸገርበት ነገር ሰፍሯል። «ክፍልፋይ ሲደምር የታችኛውንም ቁጥር አብሮ ይደምራል» ይላል አንዱ። «ለብቻዋ ስታነብ ይገባታል፤ ሰው ፊት ስታነብ ትርበተበታለች» ይላል ሌላው። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «ሰሌዳው የሚታየው አይመስለኝም፤ ለእናቱ ልንገራት» ተብሎ ተጽፏል። ከሱ ሥር፣ በሌላ ቀለም፣ «መነጽር አገኘ» ይላል።

ልብ በሉልኝ። ይህን ደብተር የያዘች ልጅ ናት ቅጹ ላይ በሁለት ቃል ያለፈችው። አንድ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ሰሌዳው የማይታየው መሆኑን ለይታለች። ለቤተሰቡ ነግራለች። ውጤቱን ተከታትላ መዝግባለች። በየትኛውም ሙያ ቢሆን ይህ ትልቅ ሥራ ነው። እሷ ግን ሥራ ብላ አልቆጠረችውም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ስለ ራስ ማውራት ጉራ ይመስላል። ቀኝ እጅህ የምትሰጠውን ግራ እጅህ አትወቅ የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። እኔም ምክሩን አከብረዋለሁ። ለታይታ የሚደረግ ደግነት ደስ አይልም። ነገር ግን መመጻደቅ ሌላ፣ መመዝገብ ሌላ ነው። ይህች ልጅ ነገ ተመርቃ ስትሄድ በሷ ቦታ የሚተካ ሰው ከምን ይነሣ? ደብተሩ ባይኖር ያ ልጅ እንደገና «ሰነፍ» ተብሎ ሊጀምር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከይሉኝታም ይከብዳል። ሴት ስታገለግል ተፈጥሮዋ ነው ተብሎ ይታለፋል። የታመመ ስትጠይቅ፣ ያዘነ ስታጽናና፣ አዲስ ተማሪ ተቀብላ መኝታ ክፍሉን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ስታሳይ «እሷማ ደግ ናት» እንላለን። ወንድ ያንኑ ሲያደርግ «መሪ ነው» እንላለን። የተማሪዎች ክበቦችን ተመልከቱ። ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል? ወንበር ማን ይደረድራል? የቀረውን ማን ደውሎ ይጠራል? ወንዶቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። እኛ ሴቶችም «አንቺ ትችያለሽ» እያልን እርስ በርስ የምንጫጫነው ነገር ነው።

ይህ በተማሪነት ዘመን ብቻ የሚቀር አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ጥናቶች ሴት መምህራን ለደረጃ ዕድገት የማይቆጠር ሥራ ከወንድ ባልደረቦቻቸው ይበልጥ እንደሚጠየቁ፣ ሲጠየቁም ይበልጥ እሺ እንደሚሉ አሳይተዋል። ኮሚቴ፣ ዝግጅት፣ ማስተባበር፣ እንዲህ ያለው ሁሉ። ሥራው መሠራት አለበት፣ ያለሱ ዩኒቨርሲቲ አይቆምም። ሆኖም የዕድገት ፋይሉ ሲከፈት አንዱም አይገኝም። በዩኔስኮ ስሌት በፈረንጆቹ 2018 በዓለም ላይ ካሉ ተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሶ ገደማ ነበሩ። የዚህ መንስኤ ብዙ ነው፤ ያልተቆጠረው ሥራ የሚበላው ሰዓት ግን አንዱ እንደሆነ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ላንሣላችሁ። ፊሊፓ ፎሴት ትባላለች። በ1890፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሒሳብ ፈተና ተቀመጠች። በዘመኑ በእንግሊዝ አገር ከዚያ የበለጠ የሚፈራ ፈተና አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛ የወጣው ወንድ ልዩ ማዕረግ ይሰጠዋል፣ ስሙም በየጋዜጣው ይወጣል። የሴቶቹ ውጤት ለብቻው ነው የሚነበበው። የሷ ተራ ሲደርስ የተነበበው «ከአንደኛው በላይ» የሚል ነበር። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ወንዶቹን ሁሉ በልጣለች። ዲግሪ ግን አልተሰጣትም፤ ለሴት አይሰጥም ነበርና።

ብዙ ሰው የፊሊፓን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተማሪ በነበረችበት ኮሌጅ ዓመታት ሒሳብ አስተማረች። በ1902 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ በጦርነት በተጎዳ አገር የትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሲደራጅ ሠራች። ተመልሳ በለንደን ከተማ የትምህርት አስተዳደር ውስጥ እስከ ጡረታዋ ድረስ አገለገለች። ያ ሁሉ የሒሳብ ጭንቅላት የዋለው የሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያገኙ ነው። ያንን የአንድ ቀን ፈተና ዓለም ያውቀዋል። የሠላሳ ዓመት አገልግሎቷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ፊሊፓ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው።

ዛሬ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የምናከብረው ለዚህ ነው። ፈተናው ብቻ ተቆጥሮ አገልግሎቱ እንዲረሳ አንፈልግም።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪዋን ስታገኝ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። የተማረችው የእንስሳት አካል ጥናት ነው። የገጠር ሴቶችን ስትሰማቸው የሚያነሱት ግን ማገዶ ራቀብን፣ ውሃ ደረቀብን የሚል ነበር። በ1977 ችግኝ ማስተከል ጀመረች። የተከሉት ሴቶች አብዛኞቹ ዲፕሎማ የሌላቸው ነበሩ፤ ዘር ለቅመው፣ ችግኝ አፍልተው፣ ራሳቸው ባለሙያ ሆኑ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎች በቀሉ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመች።

ቦጋለች ገብሬንም ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ኢየሩሳሌም ተማረች፣ አሜሪካ ተማረች፣ ከዚያ ወደ ከምባታ ተመለሰች። ከእህቷ ጋር በ1997 ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። በልቧ ይዛ የመጣችው የሴት ልጅ ግርዛትን የማስቆም ጉዳይ ነው። ሰዉ ግን መጀመሪያ የጠየቃት ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት። የያዘችውን ጉዳይ ላስቀድም ብላ አልተከራከረችም። ድልድዩን አሠራች። ከዚያ በኋላ ነው ስትናገር ሰው ቁጭ ብሎ የሰማት። ስለ አገልግሎት ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኔ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ከወላጆችም ከተማሪዎችም የሚነሳ ጥያቄ አለ። «አገልግሎቱ ጥናቱን አይሻማም ወይ?» ይባላል። ይሻማል እንጂ። ሰዓት ሰዓት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሕፃናት ሲያስጠኑ ከዋሉ ያ ከሰዓት በኋላ ለራስ ጥናት አልዋለም። ይህን መደበቅ ልጆቹን ማታለል ነው። ሁሉንም እኩል ትችላላችሁ እያልን ስናሞካሻቸው የሚደክሙት እነሱ ናቸው።

ነገር ግን ከትምህርታቸው የሚመነጭ አገልግሎት ሲሆን ነገሩ ይለያል። ነርሲንግ የምትማር ልጅ ለአረጋውያን የደም ግፊት ስትለካ መጽሐፉ ላይ ያነበበችውን በእጇ ትይዘዋለች። ሕግ የምትማር ልጅ ማንበብ ለማይችል ሰው ማመልከቻ ስትጽፍ የሕጉ ቋንቋ የት ቦታ ላይ ሰውን እንደሚያደናግር ታያለች። ክፍልፋይን ለልጅ ያስረዳ ሰው ክፍልፋይን ዳግመኛ አይረሳም። ኮሚቴው በዚህ ዓመት ይህን ዓይነቱን አገልግሎት አስበልጦ አይቷል። ውጤታቸው ከሌሎቹ በጥቂቱ ዝቅ ያሉ፣ በአገልግሎታቸው ግን የላቁ ልጆችን መርጧል። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሚጠይቅ ካለም አስረዳለሁ።

ተሸላሚ ልጆቻችን፣ ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የሠራችሁትን ጻፉት። ለማን እንደሠራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ምን እንደተለወጠ ጻፉ። ሲቪያችሁ ላይ ይግባ። ሥራ ስትጠየቁ፣ ስኮላርሺፕ ስታመለክቱ አውጡት። ሁለተኛው፣ እምቢ ማለትን ልመዱ። የመረጣችሁት አገልግሎት የእናንተ ነው። ሌላ የሚሠራው ስለጠፋ ብቻ በጫንቃችሁ ላይ የሚወድቀው ግን ሸክም ነው። «አሁን አልችልም» ማለት ክፋት አይደለም፣ ማንም ክፉ ቢላችሁም እንኳ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ስታገለግል «ጊዜዋን ታባክናለች» አትበሉ። እስቲ አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱና እዩ። ቤት ስትመለስም የቤቱ ሥራ ሁሉ እሷን ብቻ አይጠብቃት። ወንድሞቿም እጅ አላቸው።

መምህራን፣ ያቺን ልጅ ያዳናት የእናንተ ዓይነት ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው። «ጎበዝ ናት፣ ጨዋ ናት» የሚለው ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። ያያችሁትን ነገር ጻፉ። የደብተሩን ነገር ጻፉ።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ሰርተፊኬት ሰጥተን፣ ፎቶ ተነስተን ብቻ ከተለያየን ግማሹን እንኳ አልሠራንም። እነዚህ ልጆች ነገ ሥራ ይፈልጋሉ፣ የሚያማክር ይፈልጋሉ፣ ምስክር የሚሆን ስልክ ቁጥር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዛሬ እያንዳንዷ ተሸላሚ በሙያዋ ከሚቀርባት አንድ አባል ጋር ትገናኛለች። ስማችሁን ያስመዘገባችሁ አባላት፣ የምጠይቃችሁ ደብዳቤ ሲያስፈልጋት መጻፍ፣ ስትደውል ስልክ ማንሳት፣ ክፍት ቦታ ስትሰሙ መንገር ነው። እባካችሁ ተጨማሪ የነጻ ሥራ አትስጧቸው። የማኅበራችንን ዝግጅት እንዲያስተባብሩ የሚጠይቅ አባል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ።

ቅጹንም ቀይረነዋል። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ የአገልግሎቱ ክፍል ከትምህርቱ ክፍል እኩል ቦታ ይኖረዋል። ጥያቄዎቹም ተዘርዝረዋል። ዝም ብሎ «አገልግሎት ካለ ይጠቀስ» የሚለው ቀርቷል። ማመልከቻውን ለመሙላት የሚቸገሩ ልጆችን ቁጭ ብለው የሚያግዙ አባላትም ተመድበዋል።

አሁን የመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስማቸውን ያነቡልናል። ከእያንዳንዷ ስም በኋላ የትምህርት ክፍሏ፣ ቀጥሎም የሠራችው ሥራ ይነበባል። እባካችሁ ጭብጨባውን ለመጨረሻው አቆዩልን፤ ሥራዋ ተነቦ ሲያልቅ እናጨብጭብ። የዘንድሮው ጉባኤያችን ተከፍቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።