ኬዙን ከነመልሱ አንላክ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ኦንላይን ትምህርት በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የምንከሰው ኔትወርኩን ነው። ኔትወርኩ ያስቸግራል። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ እኛ ስለ መምህራኑ ልናገር ነው።

በ2012 ኮቪድ ክፍሎቻችንን ሲዘጋ ትምህርቱን በቴሌግራም ለማስቀጠል ስንታገል አብረን ነበርን። ያኔ ችኮላ ነበር። ዛሬስ?

በቅርቡ አንድ የኦንላይን ፒቢኤል ላይ፣ ማለትም ተማሪዎች ከአንድ ኬዝ፣ ከአንድ የታካሚ ታሪክ ተነስተው በሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ተጋብዤ ገባሁ። ኬዙ ግሩም ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ማታ ትራስ ደራርባ የምትተኛ የ28 ዓመት ሴት። ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቀው በጥቁር አንበሳ የልብ ክሊኒክ እንዲህ ያለች ታካሚ ብርቅ አይደለችም። ፋይሉን ልከፍት ስል ግን ስሙ ራሱ «ማይትራል ስቴኖሲስ» ይላል፤ የልብ ቫልቭ መጥበብ፣ መልሱ ራሱ! ውስጡ የልብ አልትራሳውንዱ (የኢኮ) ውጤት፣ መድኃኒቱ ከነመጠኑ። ተማሪዎቹ ምን ቀራቸውና ይጠይቁ? ካሜራቸውን አጠፉ፤ መምህሩ ስላይዱን እስከ መጨረሻው አነበበ። «ጥያቄ አላችሁ?» አለ። ዝም። በኋላ «የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው» ሲባል ሰማሁ።

ሰነፍ አይደለም! አፉን የዘጋነው እኛ ነን!

እንዲህ ያለው የቫልቭ መጥበብ ብዙ ጊዜ መነሻው በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ያቺን ሴት በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ከዚያም መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ተማሪው ራሱ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውን በራሱ ካልደረሰበት፣ ነገ ጤና ጣቢያ ተመድቦ ጉሮሮውን ያመመው ሕፃን ሲመጣለት፣ ፔኒሲሊን የሕፃኑን ልብ ሊያተርፍ እንደሚችል ትዝ አይለውም።

ይህ የማስተማር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ቁም ነገሩ ጥቂት ተማሪዎች፣ አንድ የታካሚ ችግርና ንግግር የማያበዛ መምህር ነበሩ። ተማሪው የማያውቀውን ይለያል፤ ሄዶ ያነባል፤ ተመልሶ ይከራከራል። ዙም ከዚህ የትኛውን ከለከለን? ስምንት ስምንት አድርገን መከፋፈል እንችላለን። ኬዙን ቆራርሰን፣ ሲጠይቁ ብቻ መስጠት እንችላለን። ከባዱ የእኛ ዝም ማለት ነው።

ስለ ፈተናው ባጭሩ፤ እንዲያስቡ አስተምረን ሸምድደው እንዲመልሱ ከፈተንናቸው ልፋታችንን ውኃ በላው። አስተዳደሩንም የተማሪውን የዳታ ወጪ እንዲሸፍን እጠይቃለሁ።

እናንተን ባልደረቦቼን የምለምናችሁ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ካዘጋጃችሁት ኬዝ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንድትልኩ ነው።

አመሰግናለሁ።