ዋላስ በሩ ላይ ቆሞ ማንን አስቆመ?

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ የምንሄደው ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ ኋላ እንዳትጣሉኝ።

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ጁን 11፣ 1963። አገረ ገዢው ጆርጅ ዋላስ የፎስተር አዳራሽ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ከዋሽንግተን የተላከው ምክትል ዋና ዐቃቤ ሕግ ኒኮላስ ካትዘንባክ። ምን ተፈጠረ? ቪቪያን ማሎን እና ጄምስ ሁድ የሚባሉ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች ሊመዘገቡ ነው።

አሁን ሰርግ አስቡልኝ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሙሽሪት ቤት ሲደርስ ምን ይገጥመዋል? እህቶቿ፣ የአክስት ልጆቿ በሩን ግጥም አድርገው ይዘው "አናስገባም!" ግፊያው፣ ጭብጨባው፣ ሽቶው። አንዱ ሚዜ ከረባቱ ዞሮ ጀርባው ላይ ደርሷል። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ በሩ ላይ ቀርቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሙሽራ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ዶሮው ተሠርቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ቦታውን ይዟል። ዋላስም ያው ነው። ማን የት እንደሚቆም መሬቱ ላይ በነጭ ተሰምሯል። አትሮኖስ ቆሞለታል። ጋዜጠኛው ሞልቷል። ንግግሩን አነበበ። የሰርጉ "አናስገባም" ግን ለፍቅር ነው፤ የሱ ለምርጫ ድምፅ።

ሕጉን በሩጫ ልበለው፤ የ1954ቱን የብራውን ውሳኔ ታውቁታላችሁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ያለበት። ፍርድ ቤት "አስገቡ" አለ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአላባማን ብሔራዊ ዘብ (የግዛቱን ጦር) በፌዴራል ሥር አደረገ፣ ከሰዓት በኋላ የዘቡ ጄኔራል ሄንሪ ግርሃም መጥቶ "ገለል ይበሉ" አለው፣ ዋላስ ሄደ። አለቀ።

ያላለቀው የእናንተ ኮሜንት ነው። "ዋላስ ልጆቹን ከበሩ መለሳቸው" የምትሉ፣ ኧረ በፍጹም! በዚያ ሰዓት መኪና ውስጥ ነበሩ። "የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች" የምትሉም አላችሁ፤ ይሄኛው ያናድደኛል። አውተሪን ሉሲስ? (የእኛዋን ሉሲ አላልኩም፣ ተረጋጉ።)

ሉሲ ያመለከተችው በ1952 ነው። ጥቁር መሆኗን ሲያውቁ ከለከሏት። ተርጉድ ማርሻልን የመሰሉ ጠበቆች ይዛ ተከራከረች፣ ረታች። ፌብሩዋሪ 3፣ 1956 ክፍል ገባች። ዶርም የለ፣ ካፌ የለ፤ ሁለቱም ተከልክላለች። በሦስተኛው ቀን ግቢው በሰው ጎረፈ። እንቁላል ወረወሩባት፣ "ግደሏት" ብለው ጮኹ። ፖሊስ በመኪና አሾልኮ አወጣት። ማን ተቀጣ? እሷ! መጀመሪያ "ለደኅንነትሽ" ብለው አገዷት። ጠበቆቿ "ዩኒቨርሲቲው ከረብሸኞቹ ጋር አብሯል" ብለው ሲከሱ ደግሞ "ስማችንን አጠፋሽ" ተብላ ጭራሽ ተባረረች። ከሦስት ቀን ትምህርት በኋላ! ዋላስ ፎቶው አለለት፤ እሷን የሚያስታውሳት ግን ስንቱ ነው?

ማሎን በ1965 ተመረቀች፤ ከዚያ ግቢ የመጀመሪያዋ ጥቁር ምሩቅ። የሉሲ መባረር የተሻረው በ1988 ነው። ተመልሳ ተማረች፣ በ1992 ማስተርሷን ያዘች፤ ልጇም እዚያው አብራት ተመረቀች።

በ2022 የትምህርት ኮሌጁን ሕንፃ በስሟ እንሰይም አሉ። ሕንፃው ግን የቢብ ግሬቭስን ስም ይዞ ነበር፤ ጥቁሮችን ሲያሸብር የኖረው የነጮች ቡድን፣ የኩ ክላክስ ክላን፣ አባል የነበረ አገረ ገዢ ነው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? "ሉሲ-ግሬቭስ" ብለው አጣመሯቸው! ተማሪው ተንጫጫ፣ የግሬቭስ ስም ወረደ። ስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ "ኧረ ጎበዝ!" የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቀጣዩ ቪዲዮ የሚሲሲፒው ጄምስ ሜሬዲዝ ነው፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁኑኑ።