ጋሼ የሞተው መቼ ነው?

እሺ... ድምፁ ገብቷል? ገብቷል። ንፋሱ ከተሰማችሁ አዳማ ነው፣ ምን ላድርግ። መስኮቱን ዝጋ የምትሉኝ ሰዎች በሚያዝያ ሙቀት እዚህ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና ከዚያ እንነጋገራለን።

ዛሬ ስለ ጋሼ ነው። አዎ፣ ያው የፎቶው ጋሼ፤ በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ዘምቶ የቀረው የእማማ ልጅ።

አብሮት የዘመተው ሰውዬ ከደወለ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀን ክርክር ተነስቷል። ሰውዬው ያለው አጭር ነው፤ «ባሬንቱ ሳትያዝ ነው የወደቀው»። በቃ። ቀኑን አላስታወሰም። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ሦስተኛው ዙር ማጥቃት የተጀመረው ግንቦት 4 ቀን 1992 ነው። የኤርትራዋ ከተማ ባሬንቱ የተያዘችው ግንቦት 10። ሰውዬው ካልተሳሳተ ከእነዚያ ቀናት አንዱ ነው ማለት ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ ሙት ዓመቱ ወደ ግንቦት ይዛወር አለች። እማማ ደግሞ ቡናዋን ሳታስቀምጥ «እኔ የሞተብኝ ኅዳር 9 ነው» አለች።

ኅዳር 9 ቀን 1994። መርዶው የመጣበት እሑድ።

እና ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩ እሱ ነው። ሥርዓቱ በሙሉ ቀን ቁጠር ነው የሚለው። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አስከሬን ሲኖር የመጀመሪያው ቀን ከደጅህ ይጀምራል። አስከሬን ከሌለ የምትቆጥረው ከሰማህበት ነው፤ የሞተበት ቀን ካልታወቀ ከየት ትቆጥራለህ? አብዛኛው ቤት እንደዚያ ነው ያደረገው። ግን በኋላ ቀኑ ቢገኝስ? እሱን የሚነግርህ የለም። ወይም እያንዳንዱ ቄስ የራሱን ይነግርሃል።

በነገራችን ላይ የዚያ ዓመት አቆጣጠር ራሱ ይገርማል። የ1992 ፋሲካ ሚያዝያ 22 ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ውጊያ የተካሄደው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት፣ ስግደት በሌለበት። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 11 ዋለ። አልጀርስ ላይ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት የተፈረመውም በዚያው ቀን ነው፣ ሰኔ 11። በማግስቱ የሰኔ ጾም ገባ። ጋሼ ግንቦት 4 ወድቆ ቢሆን፣ ያንን ቀን አንድ ብለን ብንቆጥር፣ አርባው ሰኔ 13 ነው፤ ጾም። ከመርዶው ብንቆጥር ደግሞ ታኅሣሥ 18፤ የነቢያት ጾም። በየትም ብትሄድ ዝክሩ የጾም ነው፤ ሽሮና ምስር። እማማ ይህንን ስነግራት ትንሽ ሳቀች። «ሥጋ ይወድ ነበር» አለች፤ ከዚያ ወዲያው ፊቷ ተለወጠና... እሺ።

እስኪ ወደ እሑዱ ልመለስ። መርዶ አነጋገር ላይ የሰፈራችን ዕድር ጥሩ ነበር፤ ይህን ለሚያስፈልገው ሰው ልናገር። ማታውኑ ለዕድሩ ዳኛ ይነገራል። ድንኳኑና ወንበሩ ይዘጋጃል፣ ግን አይተከልም፤ ጡሩምባም አይነፋም። እናት ሳትሰማ ጎረቤት ድንኳን ካየ አለቀ። የሚገቡት ንጋት ላይ ነው፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳትወጣ። ብዙ ሆኖ አይገባም፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የነፍስ አባት፣ እናቲቱን መያዝ የምትችል ጠንካራ ሴት። የደም ግፊት ካለባት መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው። እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ አስቀድሞ ይነሳል። ሴቶቹ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንዳይገቡ! ጥለቱ ወደ ላይ ከዞረ አፍ መክፈት ሳያስፈልግ እናት በሩ ላይ ታውቃለች። አንዷ የምትረሳው ሁልጊዜ ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ በደንብ ተደረገ። የተበላሸው ቀትር ላይ ነው።

ድንኳኑ ተተክሏል። ሰው ሞልቷል። የጋሼ ጉርድ ፎቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ለፍትሐቱ ደብተር አወጡና፣ ቀስ ብለው፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» አሉ። ጸጥ። እውነተኛ ጸጥታ፤ አልቃሿ እንኳን ቆመች። መከላከያ የሚያውቀው የመዝገብ ስሙን ነው። ሰፈር የሚያውቀው የቤት ስሙን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በሁለቱም አትጸልይም። እትዬ «ወልደ ሚካኤል» አለች። አክስቷ «ኃይለ ሚካኤል ነው እንጂ» አሉ። ቄሱ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ እማማን አዩ። እማማ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እናቱ እኮ ናት! በአርባ ቀኑ ታቅፋ የወሰደችው እሷ ናት። ግን ያኔ፣ በዚያች ደቂቃ፣ ስሙ ጠፋባት። «የክርስትና አባቱ ይጠሩ» ተባለ፤ አርፈዋል። «የተጠመቀበት ደብር?» ሩቅ ነው፣ መዝገብም ያለው አይመስልም። ቄሱ ጠበቁ፣ ጠበቁ... ከዚያ ጻፉ። የትኛውን እንደጻፉ የሰማ የለም።

የትኛውን ጻፉ? ይህች ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ። ማለቴ፣ አምላክ አያጣውም፤ ገብቶኛል። እማማም እንደዚያ ነው የምትለው። ግን እሷ ራሷ ያንን ስትል ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው።

ሆሳዕና ላይ ያለውን ሥርዓት ታውቁት የለ? በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። ስም አይጠየቅ፣ ቀን አይጠየቅ። እንደ ጋሼ ላለ ሰው እሱ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። ግን ለቄስ ብነግራቸው ይስቁብኛል መሰለኝ።

ፎቶውን ያነሳሁት ካልቀረ፣ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁ፣ እሱንም ልጨርስ። ያለን 3 በ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ብቻ ነው፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ ማኅተም ያረፈበት። እንዲህ ዓይነቱን ከመታወቂያው ላይ አትላጡ፤ ከነወረቀቱ ስካን ይደረግ። በ1200 ዲፒአይ (በኢንች 1200 ነጥብ ማለት ነው) ስታነሱት በስፋቱ ወደ 1400 ፒክስል ይሰጣል። ያንን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ብታሳትሙ በኢንች 120 ፒክስል ገደማ ነው፤ ከሩቅ ያምራል፣ ከቅርብ ይደበዝዛል። ግማሹን ብታሳንሱት ይጠራል። ማኅተሙን ለማጥፋት በእጅ መፋቅ አያስፈልግም፤ በቀለም ስካን አድርጉና የሰማያዊውን ቻናል ብቻ ወስዳችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ማኅተሙ አብዛኛው ከወረቀቱ ጋር ይነጣል። ከሁሉም በላይ ግን ለስቱዲዮው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሱፍ አታልብስ፣ ከረባት አትሰር፣ ፊቱን አታለስልስ። የእኛን አንድ ስቱዲዮ አሳምሮ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋው። እማማ አየችውና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለች። ሳቅን። አሁን ሳስበው አያስቅም።

ደግሞ መርዶ ያልመጣላቸው አሉ። እነሱ ቀን አላቸው ወይስ የላቸውም? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው «መጥፋቱ ይወሰንልን» ተብሎ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። እናት ግን ያንን ወረቀት በእጇ ይዛ ሄዳ ታመለክታለች? አንዳንዷ በፍጹም። ፈረመች ማለት ገደለችው ማለት ይመስላታል። ሚስት ደግሞ ለልጆቿ ስትል ያስፈልጋታል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲኳረፉ... ይህ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል፤ አሁን አልገባበትም።

ለማንኛውም ግንቦት እየመጣ ነው። እትዬ ለቄሱ ነግራለች፤ እማማ አልሰማችም ወይም አልሰማሁም ትላለች። ሁለቱንም ቀን እናድርግ ብዬ ነበር፤ እትዬ «ሁለቴ ይሞታል እንዴ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ባሬንቱ ሳትያዝ ያለው ሰውዬም ስልኩ አሁን አይሠራም። መልሼ መልሼ ሞክሬያለሁ፤ ምናልባት ቁጥር ቀይሮ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ... ቆይ፣ በሩ ላይ ሰው አለ።